የማያርፈው እጅ

«አባዬ፣ እንዳትነቃነቅ!» አለች ጉጉት ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር ሆና።

«የቱ ጋ ተነቃነቅኩ? ድንጋይ ሆኜ ተቀምጬ!» አለ አባቷ።

ከካሜራው ኋላ ባለው ደብዛዛ መስታወት ላይ አባቷ ተዘቅዝቆ ይታያል። እግሩ ወደ ሰማይ፣ ራሱ ወደ መሬት። ከኋላው ያለው የተማሪዎች አውቶብስም ጎማዎቹን ወደ ላይ ሰቅሎ በጣሪያው የቆመ ይመስላል። ጉጉት የካሜራውን ማዞሪያ በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ አድርጋ አዞረችው። ጭጋግ የነበረው ፊት እየጠራ መጣ፤ የዓይኑ ሽፋሽፍት፣ ጢሙ ውስጥ የተዘራው ሽበት፣ የኮሌታው ስፌት ሳይቀር ወለል ብሎ ታየ። ልቧ ድው ድው ይል ጀመር። እዚህች ቅጽበት ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋታል።

ከጨርቁ ወጥታ ሌንሱን ዘጋች። ፊልሙን የያዘውን ጠፍጣፋ የእንጨት ማቀፊያ ከኋላ ሰካችና መከለያውን ሳበች። ቅደም ተከተሉን ላለመርሳት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«እጅህን ጉልበትህ ላይ አሳርፈው። ሌንሱን እየው። አሁን ትንፋሽህን ዋጥ!»

መዝጊያው ቀጭ ብሎ ተከፈተ። አንድ ረጅም ሰከንድ አለፈ። ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

«ተገላገልኩ!» አለ አባቷ ከአውቶብሱ ደረጃ ላይ እየተነሳ። «ፎቶ አነሳሽኝ ወይስ ቀዶ ጥገና አደረግሽብኝ? በስልክሽ ቢሆን ይሄኔ መቶ አንስተሽኝ ነበር።»

«የስልኩ ቀሽም ነው። ይሄኛው የሸሚዝህን ክር ይቆጥራል።»

«የሹፌር ክር ተቆጥሮ ምን ሊረባ!» ብሎ ሳቀ፤ ቀኝ እጁንም ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ጉጉት ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ይህን ስም ያወጡላት ገና ስትወለድ ዓይኖቿ ትልልቅ ስለነበሩ ነው። የአባቷ ታላቅ እህት ግን «ለዓይኗ ሳይሆን ለጠባይዋ ነው፤ ያየችውን ሁሉ ካልነካካች ጉጉቷ አይወጣላትም» ትላለች። አክስቷ ከዋናው መንገድ ዳር ፎቶ ቤት አላት። ዛሬ ዛሬ እዚያ የሚነሳው የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነው፤ ሰው ይቀመጣል፣ ኮስተር ይላል፣ ፎቶውን ይዞ ይሄዳል። ጉጉት ግን አንድ ቀን ጓዳውን ስታጸዳ ከአሮጌ መጋረጃዎች ሥር አንድ የእንጨት ሣጥን አገኘች። ሣጥኑ ሲከፈት እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ ጥቁር ቆዳ ተዘረጋ፤ ከፊቱ ሌንስ፣ ከኋላው ደብዛዛ መስታወት። አክስቷ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስቀምጣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረችውና ጥቁሩን ጨርቅ የጉጉት ራስ ላይ ጣል አደረገችው።

መንገዱ በሙሉ ተገልብጦ መስታወቱ ላይ ይፈስ ነበር። ሰዎች በራሳቸው ይሄዳሉ፤ ብስክሌት ሰማይ ላይ ይንከባለላል፤ ድምፅ የሌለው፣ ቀለሙ ግን ከእውነተኛው የጠገበ ዓለም። ጉጉት ከጨርቁ ሥር አልወጣም አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ እህል ውሃ አላሰኛትም። ከትምህርት ቤት ስትለቀቅ በቀጥታ ፎቶ ቤት ነው፤ ጓደኞቿ «ከእንጨት ጋር ፍቅር ይዞሻል» እያሉ ሙድ ይይዙባታል። የመጀመሪያዎቹን ፊልሞች ሁሉ አበላሸቻቸው። አንዱን ገልብጣ አስገባችው፤ የሌላውን መከለያ ሌንሱ ሳይዘጋ ሳበችው፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ፊልም የሚባል ነገር ሳታስገባ የጎረቤት ሽማግሌ ፀሐይ ላይ አቁማ አነሳች። «አይዞሽ፣ ይህ ካሜራ ሳያዋርድ አያስተምርም» አለቻት አክስቷ እየሳቀች።

ፊልሙ ራሱ የራጅ ፊልም ነው። ሐኪም ቤቱ በኮምፒውተር መሥራት ሲጀምር የተረፈውን አክስቷ ለምና አመጣችው። ቀይ ብርሃን ስለማይጎዳው በቀይ አምፖል ሥር በመቀስ እየቆረጡ ይጠቀሙበታል። ችግሩ ዘገምተኛ መሆኑ ነው፤ ሰው አንድ ሰከንድ ሙሉ ካልረጋ መልኩን አይዝለትም። «ብርሃን እንግዳ ነው፤ ገብቶ እስኪቀመጥ ታገሺው» ትላለች አክስቷ።

አባቷን ባነሳችበት ቀን ከሰዓት በኋላ ከአክስቷ ጋር የጓዳውን በር ዘግተው ቀዩን አምፖል አበሩ። ጉጉት የአባቷን ፊልም ኬሚካሉ ውስጥ አጥልቃ ትሪውን በዝግታ ታወዛውዝ ጀመር። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ አንድ ጥቁር ጥላ ወጣ፤ ፊልም ላይ ብርሃን ጥቁር ሆኖ ነውና የሚወጣው፣ ያ ሰማዩ ነው። ከዚያ የአውቶብሱ መስኮቶች፣ ደረጃው፣ የአባቷ ትከሻ ከባዶ ነገር ውስጥ ብቅ ብቅ አሉ።

«መጣ! እቴቴ፣ መጣ!»

«ቀስ በይ፣ አታንቦጫርቂው።»

ፊልሙ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ወረቀት ላይ አሳርፈው አተሙት። ጉጉት እንዲህ ያለ ፎቶ አንስታ አታውቅም። የአውቶብሱ ብሎኖች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። የግራ እጁ የጥፍር ነጭ ሳይቀር ይለያል። ፊቱ ላይ ያቺ ሊስቅ ሲል የምትመጣው መስመር አለች። ቀኝ እጁ ግን የለም። ከእጅጌው ጫፍ ጀምሮ፣ ጉልበቱ ላይ አንድ ነጭ ጭስ ብቻ አርፏል።

«አበላሸሁት» አለች ጉጉት።

አክስቷ ማጉያ መነጽሯን አንስታ ፎቶው ላይ ጎንበስ አለች። እንደ ጎነበሰች ቆየች። ቀና ስትል የፊቷ ሳቅ ጠፍቷል።

«ተነቃንቆ ይሆናላ» አለች፤ ማጉያውን ስትመልስም ጉጉትን አላየቻትም።

ጉጉት የተበላሸ ነገር አይዋጥላትም። በማግስቱ አባቷን ለምና እንደገና አስቀመጠችው። ያው ጭስ። ለሦስተኛ ጊዜ ስታነሳው ሳታዝዘው ግራ እጁን ቀኙ ላይ ጫነበት፤ በዚህኛው ሁለቱም እጆች ጭስ ሆነው ወጡ። ሌላው ሁሉ፣ ራሱም ትከሻውም እግሩም፣ እንደ ሐውልት የረጋ ነው።

«መዝጊያው ነው የተበላሸው» አለች ለራሷ። ለማረጋገጥ ታናሽ ወንድሟን አመጣችው። ወንድሟ ሰባት ዓመቱ ነው። ቤተሰቡ «ቁንጫ» ይለዋል፤ ተኝቶ እንኳ ይዘላልና።

«አንድ ሰከንድ ከረጋህልኝ ጨርቁ ውስጥ አስገባሃለሁ። ሰው ሁሉ ተዘቅዝቆ ታያለህ» አለችው።

«እውነት በይ?»

«እውነት።»

ቁንጫ ጉንጩን ነፋ፣ ዓይኑን አፈጠጠ፣ በሕይወቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ረጋ። ፎቶው ሲወጣ የተሸረፈች የፊት ጥርሱ፣ ጉልበቱ ላይ ያለው የቁስል ቅርፊት፣ ዐሥሩም ጣቶቹ ቁልጭ ብለው ታዩ።

ጉጉት ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ደርድራ አየቻቸው። ካሜራው ጤነኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ሳታስበው አባቷን ትከታተል ጀመር። አባቷ ሻይ ሲቀዳለት «ግማሽ ይበቃኛል» ይላል፤ ድሮ እስከ አፉ ካልሞላ የሚቆጣ ሰው። ስልኩን የሚነካካው በግራው ነው። ፈርም ሲባል «መነጽሬን ረስቼ» ይላል፤ መነጽሩ ግን ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ነች፤ በዚያ ሰሞን የሥራ ጃኬቱን ቁልፎች ፈትታ በምትኩ ዚፕ ሰፍታለት ነበር። «ቁልፍ የሽማግሌ ነው ብሎኝ እኮ ነው! ፋሽን ተከታይ ሆኗል ባሌ!» ብላ ስትስቅ ጉጉትም አብራ ስቃ ነበር። አሁን ግን ቁልፍ መቆለፍ ያቃታቸው ጣቶች ታዩዋት።

አባቷን የአውቶብሱ ልጆች «ጋሽ ቀስ» ነው የሚሉት። ጉድጓድ ሲያይ እንቁላል የጫነ ነው የሚመስለው። በዚህ ሁሉ ዓመት አውቶብሱን አንድ ጭረት አላስነካውም፤ ሹፌሮች ሲሰበሰቡም ስለ ሌላ ነገር አይኮራም፣ በዚህ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ከየደጁ ይለቅማል፤ ቁንጫም ከእነሱ አንዱ ነው። መንገዱ ከሰፈሩ ቁልቁል ይወርድና ጠባቡን ድልድይ አቋርጦ ትምህርት ቤቱ ይደርሳል። ከድልድዩ ሥር ያለው ወንዝ በበጋ ድንጋይ ብቻ ነው። አሁን ግን ዝናቡ ጀምሯል፤ ውሃው ቀን በቀን ጭቃ እየመሰለ፣ ድምፁም ከሰፈሩ ድረስ መሰማት ጀምሯል።

አንድ ከሰዓት ቁንጫ ቦርሳውን ወርውሮ እየዘለለ ገባ።

«ዛሬ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ድልድዩ ላይ መስታወቱ ቋ! ብሎ ረገፈ! ልጆቹ በሙሉ ጮኹ! እኔ ግን አልጮህኩም!»

«የምን መስታወት?» አለች እናቱ የስፌት መኪናዋን አቁማ።

«የአውቶብሱ የጎን መስታወት ነው» አለ አባቱ ከኋላው እየገባ። «አንድ የጭነት መኪና መጥቶ አጣበበኝ። እሱን ሽሽት ጠጋ ስል የድልድዩ ብረት ነካው። ምንም አይደል።»

«እኔ የጭነት መኪና አላየሁም» አለ ቁንጫ።

«አንተ መቼ ተቀምጠህ ታውቅና ነው የምታየው!»

እናታቸው ሳቀች፤ የስፌት መኪናውም እንደገና ጠረረረ ይል ጀመር። ጉጉት ግን አልሳቀችም። አባቷን አየችው፤ እሱም አያት። መጀመሪያ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነበር።

በማግስቱ ፎቶ ቤት ስትደርስ አክስቷ የመታወቂያ ፎቶዎች እየቆረጠች ነበር። ጉጉት ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

«እቴቴ፣ ያን ቀን በማጉያው ምን አየሽ?»

አክስቷ መቀሱን አስቀመጠች። የመንገዱን በር ገርበብ አድርጋ ተመለሰችና ተቀመጠች።

«አያትሽ ምን ነበር ሥራው?»

«ፀጉር አስተካካይ።»

«ፀጉር አስተካካይ ብቻ? በምላጭ ሲላጭ ደንበኛው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስደው ነበር፤ እጁ እንዲያ ለስላሳ ነበር። ኋላ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቤት ውስጥ ሁላችንም እናያለን፣ ማንም አይናገርም። እሱ ‹ብርድ ነው› ይላል፤ እኛም ‹አዎ፣ ዛሬ ይበርዳል› እንላለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምላጩን አስቀመጠ። ያስቀመጠው ግን የሰው ጆሮ ከቆረጠ በኋላ ነው።» አክስቷ ገርበብ ያለውን በር አየት አደረገች። «ሰውዬው ድኗል። አባታችን ግን ከዚያ በኋላ ደጅ ወጥቶ ከሰው ጋር ተጫውቶ አያውቅም።»

ጉጉት ሳታስበው የራሷን እጆች ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አየቻቸው። ጸጥ ብለዋል። ቢሆንም ቶሎ ሰበሰበቻቸው።

«የአባዬ ምላጭ እኮ አውቶብስ ነው» አለች።

አክስቷ መቀሱን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

«አንቺ ለምን አትነግሪውም? ታላቅ እህቱ ነሽ።»

«ነገርኩት እንጂ። ‹በእንጀራዬ አትግቢ› ብሎ ጮኸብኝ። እድሜውን ሙሉ ድምፁን ከፍ አድርጎብኝ የማያውቅ ልጅ።»

ጉጉት ካሜራውን ሳትነካ ወጣች፤ ፎቶ ቤቱን ካወቀች ወዲህ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። በቀጥታ አውቶብሱ ወደሚያድርበት ግቢ ሄደች። አባቷ አዲስ የጎን መስታወት እየገጠመ ነበር። ዝናቡ ለጊዜው አባርቶ ፀሐዩ ያቃጥላል። ትንሿ ብሎን ከጣቱ አመለጠች። አነሳት፤ እንደገና አመለጠች። ጉጉት ጎንበስ ብላ ከጭቃው ውስጥ ለቀመቻትና ቀዳዳዋ ላይ አድርጋ አጠበቀቻት። ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ብሎኗን እንጂ አንዱ ሌላውን አላየም።

«አባዬ፣ እጅህ…»

«ብርድ ነው» አለ አባቷ።

ጉጉት ቀና ብላ ሰማዩን አየች።

«ፀሐይ ነው እኮ፣ አባዬ።»

አባቷ አውቶብሱ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። እጁን እንደ ባዕድ ዕቃ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያየው ጀመር።

«ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነው» አለ በመጨረሻ። «መሪ ስይዝ ይተወኛል። ብዙውን ጊዜ።»

«ትናንትስ?»

እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከግቢው አጥር ማዶ የወንዙ ድምፅ ይመጣል።

«ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። ትምህርት እስኪዘጋ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤትም እሄዳለሁ፣ ለእናትሽም ራሴ እነግራታለሁ። እኔ ከመሪ ሌላ ምን አውቃለሁ? ጋሽ ቀስ ከአውቶብሱ ከወረደ ማን ተብሎ ሊጠራ ነው?» ድምፁ ተሰበረ። «አደራሽን። ምስጢሬን ጠብቂልኝ።»

አባቷ እሷን ለምኗት አያውቅም። «እሺ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣም። ራሷንም አልነቀነቀችም። አባቷ ግን ዝምታዋን እንደ እሺታ ወሰደውና ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። እጁ ትከሻዋ ላይ እንደ ተያዘ ወፍ ተርገበገበ።

በነጋታው ጠዋት ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድብ ነበር። የአባቷ ፎቶዎች የጉጉት ቦርሳ ውስጥ ናቸው። እናቷ ፊት ልትዘረጋቸው አስባ ነበር የከተተቻቸው፤ አሁን ግን አስጠላት። ያን ፎቶ ያነሳችው አባቷ መስታወቱ ላይ አምሮ ስለታያት ነው። ሊከሰስበት አልነበረም። ቦርሳዋን ዘግታ ከአጠገቧ አራቀችው። ማውራት ካለባት በአፏ ታወራለች።

አባቷ ጃኬቱን ለብሶ የአውቶብሱን ቁልፍ ይዟል። ቁንጫ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ ከቶ ሌላኛውን ጫማ ይፈልጋል። እናታቸው መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት አንድ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ና እንጂ ቁንጫ! ልጆቹ ዝናብ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል» አለ አባቷ።

ጉጉት የቁንጫን የመቀመጫ ቦታ ታውቀዋለች፤ ከሹፌሩ ጀርባ፣ መስኮቱ ጋ ነው። ከኋላው ሁለት መንታ እህትማማቾች አሉ። ከነሱ ኋላ ሁልጊዜ የሚያንቀላፋው ወፍራሙ ልጅ። ተነሳች።

«እማዬ» አለች።

«ወዬ።»

«መርፌውን አስቀምጪና ስሚኝ።»

አባቷ በሩ ላይ ቆመ። ቁልፎቹ እጁ ላይ ሲንሿሹ ብቻ ይሰማል። ዓይኑ ይለምናታል። ፊቱን ለማወቅ ስንት ጊዜ ጨርቅ ሥር ቆማ አጥንታዋለች፤ እንዲህ ያለ ፊት ግን አይታበት አታውቅም።

«የአባዬ እጅ ታሟል። ከያዘው ቆይቷል» አለች። «ድልድዩ ላይ የጭነት መኪና አልነበረም።»

እናቷ ቀና አለች። መጀመሪያ ጉጉትን አየች፤ ከዚያ ባሏን፤ ከዚያ ራሷ የሰፋችውን ዚፕ። ዓይኗ እዚያው ቀረ።

አባቷ ሊቆጣ አፉን የከፈተ መሰለ። የመንገዱ ጎርፍ ደጁን እያጠበ ሲያልፍ ይሰማል። ከዚያ ትከሻው ወረደ። በሩን ዘግቶ ወንበር ሳበና ተቀመጠ፤ ስልኩን አውጥቶም ቁጥር ሊነካ ሞከረ። ደጋግሞ ሞከረ። አልሆነለትም። ስልኩን ለሚስቱ ዘረጋላት።

«ለትምህርት ቤቱ ደውዪላቸው» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «ዛሬ ሌላ ሹፌር ይፈልጉ።»

ጉጉትን ግን አላያትም። መቼ እንደሚያያት፣ ሐኪሞቹ ምን እንደሚሉት፣ ነገ ጠዋት ይህ ቤት ምን እንደሚመስል አታውቅም። እናቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነጻ እጇን ባሏ እጅ ላይ ስትጭን አየችና ዞር አለች። የጠፋውን ጫማ ከስፌት መኪናው ሥር አወጣችው፤ ወንድሟ ፊት ተንበረከከች።

«አባዬ አይወስደኝም እንዴ?» አለ ቁንጫ በሹክሹክታ።

«ዛሬ በእግራችን ነው» አለችው የጫማውን ክር እያጠበቀች። «ድልድዩ ላይ ስንደርስ እጄን እንዳትለቅ።»